የ1987 ኮሮላ የበር ሽፋን፣ ማኒቬላና ኮርኒስ፦ የትኛው ከየትኛው ይገጥማል?

የደሴው መምህር (ጠያቂ)፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረውም የማስተምረውም ደሴ ሲሆን፣ የምጠይቃችሁ አባቴ ስላወረሱኝ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሊብሬው የተሠራችበትን ዘመን እ.ኤ.አ. 1987 ይለዋል። ሞተሯ ዛሬም ከኮምቦልቻ ተነሥታ የሐረጎን ዳገት ያለ ችግር ትወጣለች፤ ላሜራዋም በሁለት ቦታ ከተለጠፈው በስተቀር ደህና ነው። ያረጀው ውስጧ ነው። በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት በር የውስጥ ሽፋን ከታች በኩል እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ ልብሱም ከጠርዙ ተገንጥሏል። ከአራቱ የመስታወት ማኒቬላዎች ሁለቱ ተሰብረው አንዱን የኋላ መስታወት የምናወርደው በፒንሳ ነው። የኮርኒሱ ልብስ ወርዶ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ራስ ይነካል። ዳሽቦርዱም ከፊት መስታወቱ ሥር ጀምሮ እስከ ቆጣሪው ድረስ በሁለት ቦታ ተሰንጥቋል።

ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ደውዬ «የዲኤክስ የበር ሽፋን፣ የ1987» ብዬ አዘዝሁ። ነጋዴው የአራቱንም በር ሽፋን፣ ቀለሙም ከእኔ መኪና ጋር የሚቀራረብ ግራጫ፣ በአውቶቡስ ላከልኝ። ዕቃው ንጹሕ ነበር። በሩ ላይ ሲለካ ግን የማኒቬላው ቀዳዳ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት አልፎ ተገኘ፤ የክሊፖቹም ቦታ ከበሩ ቀዳዳዎች ጋር አልተጋጠመም። ሰፈራችን ያለ አንድ ሠራተኛ «እንብሳውና ይገባል» ቢለኝም እኔ አልደፈርሁም። ነጋዴው የላከልኝ የጠየቅሁትን ስለሆነ መልስልኝ ለማለት አፈርሁ። ሽፋኖቹ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ተኝተዋል።

የሞዴሉን ዓመት በትክክል ተናግሬ ዕቃው ያልገጠመው ለምንድን ነው? አምራቹ ማምረት ካቆመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆነው መኪና፣ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ሞዴል እንደሚገጥም ከመግዛቴ በፊት የማረጋግጥበት መንገድ አለን? ደግሞስ ዳሽቦርዱን መለወጥ ይገባኛል ወይስ ይተው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የኮምቦልቻ መካኒክ፦

መምህር፣ አብሽሩ፤ ችግሩ መላ አለው። አስቀድመን ግን «ዲኤክስ» የሚለውን ስም እንተወው። ዲኤክስ ቶዮታ ለመኪናው የዕቃ መሟላት ደረጃ የሰጠው መጠሪያ ነው እንጂ የመኪናውን ትውልድ አያመለክትም። በአገራችን ግን ስሙ ከደረጃነቱ ወጥቶ የዚያን ዘመን ኮሮላ ሁሉ ዲኤክስ ማለት ተለምዷል። ነጋዴውም እርስዎም አንድ ቃል እየተናገራችሁ ሁለት የተለያየ መኪና እያሰባችሁ ነበር ማለት ነው።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ የእርስዎ 1987 ከሁሉም ዓመት የከፋው ነው። ኢ70 የሚባለው ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1979 ወጣ፤ በ1983 ኢ80 ተካው፤ ኢ90 ደግሞ በግንቦት 1987 ለገበያ ቀረበ። በዚያ ላይ የኢ70 ስቴሽን ዋገንና የዕቃ መጫኛ ዓይነቱ፣ ሰዳኑ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ እስከ 1987 ድረስ ይመረት ነበር። ስለዚህ ሊብሬው ላይ 1987 የተጻፈለት ኮሮላ ከሦስቱ ትውልዶች የአንዱ ሊሆን ይችላል። ኢ70 በኋላ ጎማ የሚነዳ ነው፤ የኢ80 ሰዳንና ኢ90 ግን በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው። የኢ80ና የኢ90 የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት እኩል 2430 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ብዙ ሰው የውስጥ ዕቃቸውም አንድ ይመስለዋል። የበሩ ቅርጽ ግን ሌላ ነው፤ የመስታወት ማንሻውም የተቀመጠበት ቦታ ይለያያል። ሁለት ጣት ያህል አለፈ ያሉት ቀዳዳ የሚነግረን ይህንኑ ይመስለኛል፤ በሩ የእርስዎ የኢ80 ነው፣ ሽፋኑ ግን የኢ90።

ለማረጋገጥ ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ ዘይትና አቧራ ሸፍኗት ይሆናል እንጂ አትጠፋም፤ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጥረጉና ያንብቧት። እዚያ ላይ የሚያገኙት የሞዴል መለያ በሁለት ፊደልና በሁለት አኃዝ ይጀምራል፤ ለምሳሌ ኬኢ70፣ ኢኢ80፣ ኤኢ80፣ ኢኢ90። የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ሲያመለክት፣ ቀሪው ትውልዱን ይናገራል። ከዚያው ሰሌዳ ላይ የውጭ ቀለሙ ቁጥር አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለችው አጭር መለያ ደግሞ የውስጥ ልባሱን ዓይነትና ቀለም የምትገልጽ ናት። ይህችን ሁለተኛዋን የሚያነባት ሰው ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ዋናዋ እሷ ነች። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ውስጧ ግራጫ ይሁን ቡናማ፣ በጨርቅ ይሁን በፕላስቲክ ቆዳ የምታውቁት ከእሷ ነው።

ቀጥሎ የዕቃ ቁጥር የሚባለውን እንልመድ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አሥር አኃዝ ሆኖ በሁለት የአምስት አምስት ክፍል ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፦ 67610 የቀኝ የፊት በር የውስጥ ሽፋን፣ 67620 የግራው፣ 67630ና 67640 የኋላዎቹ፣ 69260 የመስታወት ማኒቬላ፣ 63310 ኮርኒስ። የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ዕቃው መጀመሪያ የተነደፈው ለየትኛው መኪና እንደነበር ያሳያሉ፤ 12 ኮሮላ፣ 10 ስታርሌት፣ 16 ተርሴል፣ 26 ሃይየስ፣ 35 ሃይሉክስ፣ 60 ላንድክሩዘር። ለውስጥ ዕቃ ደግሞ ከአሥሩ በኋላ ሁለት ተጨማሪ ምልክቶች ይኖራሉ፤ እነሱ ቀለም ናቸው።

የዚህ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፤ የቶዮታ የዕቃ ቁጥር ካታሎግ ለእርስዎ ኮሮላ የሚሰጠው የማኒቬላ ቁጥር በሁለተኛው ክፍል የኮሮላ ሳይሆን የሌላ መኪና መለያ ይዞ ቢገኝ፣ ያ ማኒቬላ ከሌላም መኪና ላይ ይገኛል ማለት ነው። ስለዚህ የተፈታ ኮሮላ ባይገኝ የተፈታ ስታርሌት ወይም ተርሴል ይፈለጋል። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሄዶ «የኮሮላ ማኒቬላ» ብሎ የሚጠይቅና ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ የሚያቀርብ ሰው እኩል አይስተናገዱም። የመጨረሻዎቹ ሁለት የቀለም ምልክቶች ብቻ ከተለያዩ ደግሞ ዕቃው ያው ስለሆነ አይሽሹት፤ ቀለም ይቀባል። ቁጥሩ በካታሎግ ላይ በሌላ ቁጥር ተተክቶ ሊገኝ ስለሚችል አዲሱንም አሮጌውንም ይዞ መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከጃፓንና ከኬንያ በኩል የሚመጣ ዕቃ ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ነው፤ ከዱባይ የሚመጣው ግን በአብዛኛው እንደኛ የግራ መሪ ነው። የቀኝ መሪ ዳሽቦርድ ለእኛ አይሆንም፤ ይህ ግልጽ ነው። የበር ሽፋን ግን መስታወቱ በማኒቬላ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ይገጥማል። መስታወቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ማብሪያ በሾፌሩ በር ላይ ስለሚቀመጥ ነገሩ ይለወጣል። ባለ ሁለት በር መኪና የፊት በሩ ረጅም ስለሆነ ሽፋኑን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።

የተፈታ መኪና እንደ ድሮ አይገኝም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ ድሮ ለመፍቻ ይሸጥ የነበረው ኮሮላ ዛሬ ተጠግኖ መንገድ ላይ ይውላል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምርጫ ግን አሁንም የተፈታ ኦሪጅናል ነው።

ወንበርና ኮርኒስ አልባሽ፣ ሸዋ በር፦

ወንድሜ መምህር፣ ጋሼ የጻፉት ስለ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። በመጨረሻው ቃላቸው ግን አልስማማም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ኦሪጅናል የበር ሽፋን ከሥሩ የታመቀ ወረቀት ነው፤ ሌላ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ጠጥቶ የወጣ ወረቀት ገዝቶ መግጠም የታመመን በታመመ መለወጥ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነ ኦሪጅናሉ ይፈለግ፤ ማኒቬላ፣ የበር መክፈቻ፣ የእጅ መደገፊያ። ጠፍጣፋውን ሽፋን ግን እዚሁ ደሴ መሥራት ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽፋንዎ ለምን እንዳበጠ እንጠይቅ። ብዙ ሰው የበሩ መስታወት ላስቲክ ስላረጀ ነው ይላል። ላስቲኩ አዲስ በነበረበት ጊዜም ቢሆን ዝናብ መስታወቱን ተከትሎ በሩ ውስጥ ይገባ ነበር፤ መኪናው የተሠራው እንዲያ ነው። ውሃው በበሩ ውስጥ ወርዶ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲፈስ ነው የታሰበው። በበሩ ላሜራና በሽፋኑ መካከል ደግሞ ዙሪያውን በማጣበቂያ የተለጠፈ ናይሎን አለ፤ ሥራው ውሃው ወደ ሽፋኑ እንዳይሻገር መከላከል ነው። እዚህ አገር የበሩን ቁልፍ ወይም መስታወት ለመጠገን ሽፋኑን ያነሣ ሰው ሁሉ ናይሎኑን ቀዶ ይጥለዋል፤ መልሶ የሚለጥፍ አላየሁም። ከዚያም የደሴ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣል፤ ሽፋኑ ከታች ያብጣል፤ ባለመኪናው ሽፋን ፍለጋ ይዞራል። እንግዲህ የታችኛውን ቀዳዳ በሽቦ ሳይከፍቱና አዲስ ናይሎን ሳይለጥፉ የሚገጥሙት ሽፋን የአንድ ክረምት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ለናይሎኑ ወፈር ያለ የግሪን ሃውስ ፕላስቲክ ይበቃል።

ሽፋኑን ሲያወልቁ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ የእጅ መደገፊያው ብሎኖች ይፈታሉ፤ ከዚያ የበር መክፈቻው ዙሪያ ያለው ክፈፍ አንዲት ብሎን አለችው። ማኒቬላው ግን ብሎን የለውም፤ ከጀርባው የፈረስ ጫማ የመሰለች ቀጭን የሽቦ ቀለበት ናት የያዘችው። ብዙ ማኒቬላ የሚሰበረው ይህችን ባለማወቅ በካቻቢቴ ሲፈለቀቅ ነው። ጠባብ የጨርቅ ቁራጭ በማኒቬላውና በሽፋኑ መካከል አስገብታችሁ ጫማ እንደሚወለውል ልጅ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ጨርቁ የቀለበቷን ጫፍ ይዞ ያወጣታል። ተስፈንጥራ እንዳትጠፋ ታች ፎጣ ያንጥፉ። ከዚያ ዙሪያውን ያሉት ክሊፖች በእጅ እየተላቀቁ ከወጡ በኋላ ሽፋኑ ወደ ላይ ተነሥቶ ከመስታወቱ ጠርዝ ይወጣል። ይህ ሥራ ጠዋት በብርድ አይሠራም፤ ፕላስቲኩ በብርድ ስለሚሰባበር እኩለ ቀን ላይ መኪናው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አሮጌውን ሽፋን በጭራሽ አይጣሉት፤ ልኬታችን እሱ ነው። በማዞኒት (ስስ የታመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ላይ አስተኝተን ዙሪያውንና ቀዳዳውን ሁሉ እንስላለን፤ ያበጠው ጎን ስለሚዋሽ ለዚያኛው ደህናውን የተቃራኒ በር ሽፋን ገልብጠን እንጠቀማለን። ማዞኒቱን ከመልበሱ በፊት በሁለቱም ፊት፣ በተለይ በተቆረጠው ጠርዝ፣ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይለብሳል።

ኮርኒሱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስላለ የእርስዎን ሳላይ አልፈርድም። በጣራው ሥር በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ላይ የተወጠረ ከሆነ፣ ልብሱ ተፈትቶ የዘንጎቹ ቅደም ተከተል እየተጻፈ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዘንግ ቅስቱ የተለያየ ስለሆነ ከተደባለቀ ጣራው ይጨማደዳል። በጠንካራ ካርቶን ላይ በስፖንጅ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ የወረደው ስፖንጁ ስለተፈረፈረ ነው፤ አሮጌው ስፖንጅ በብሩሽ ጨርሶ ሳይጠረግ በላዩ ላይ ማስቲሽ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱ ልብስ የሚይዘው ካርቶኑን ሳይሆን ዱቄቱን ነውና። ማስቲሹም ሙቀት የሚችል ዓይነት ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ የጫማ ማስቲሽ ተጠቅሜ ለሠራሁለት የባቲ ደንበኛ በሁለተኛው ወር ሥራውን በነጻ ደግሜለታለሁ።

የኮምቦልቻ መካኒክ፦

እህቴ፣ በማዞኒቱ ተረትቻለሁ። የናይሎኑን ነገር ግን እኔም አጥፊ ነኝ፤ ስንቱን ቀድጄ ጥያለሁ።

የፕላስቲክ ነገር (ኮምቦልቻ)፦

ሙያዬ የማቴሪያል ምህንድስና ስለሆነ ስለ ዳሽቦርዱና ስለ ፕላስቲክ ዕቃዎቹ ጥቂት ልበል።

የዚያ ዘመን ዳሽቦርድ ከውጭ የሚታየው የፕላስቲክ ቆዳ፣ ከሥሩ ስፖንጅ፣ ከዚያ በታች ጠንካራ አካል ነው። ቆዳው ለስላሳ የሆነው በውስጡ ያለ ማለስለሻ ኬሚካል ስላለ ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል በሙቀት ቀስ በቀስ ይተናል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ጫፍና ጫፉ ተይዞ ስለሚሰበሰብም መካከሉ ላይ ይሰነጠቃል። አባትዎ ወደ ባቲ ይመላለሱ ከነበረ፣ በዚያ ቆላ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ስለሚችል ስንጥቁ አያስገርምም። ሌላ የተፈታ ዳሽቦርድ ብትገዙ ያው በእኩል ዕድሜ የደረቀ ነው፤ ለማውጣትና ለመግጠም መሪው፣ ቆጣሪውና የማሞቂያው ሽቦ ሁሉ ይፈታል። የኔ ምክር አይለውጡት ነው። ስንጥቁ በምላጭ ወደ ውስጥ እየጠበበ እንዲሄድ ተከፍቶ፣ በሚለጠጥ መሙያ ተሞልቶ፣ በስስ የፕላስቲክ ቆዳ ቢለብስ ይበቃል። ታክሲዎች ላይ እንደምናየው ፀጉራም ምንጣፍ ማልበስም ቆዳውን ከፀሐይ ይከላከላል፤ መልኩን የሚወድደው ይውደደው።

ለተሰበሩት ጠንካራ ፕላስቲኮች የዕቃውን ጀርባ ተመልከቱ፤ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚናገር ኤቢኤስ (ABS) ወይም ፒፒ (PP) የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። ከሌለ በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን ጠብ አድርጉበት፤ ኤቢኤስ ከሆነ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፤ ፒፒ ከሆነ ምንም አይሆንም። ኤቢኤስ ከሆነ የዚያኑ ዓይነት ስብርባሪ በአሴቶን አሟሙቶ እንደ ሊጥ ሲሆን ስንጥቁን መሙላት ይቻላል፤ ሲደርቅ ከዕቃው ጋር አንድ ይሆናል። ፒፒ ግን በማጣበቂያ እምብዛም አይያዝም፤ በብየዳ ወይም በብሎን ነው የሚጠገን።

ዛሬ ዛሬ ብዙ ወጣቶች በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) ዕቃ እናትማለን ይላሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን በብዛት የሚታተምበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ስለሚጀምር፣ ደሴ የታተመ ማኒቬላ ባቲ ሲደርስ ይጎብጣል። በኤቢኤስ ካልታተመ አትቀበሉ። ክሊፕን ማሳተም ደግሞ ልፋት ነው፤ የበሩ ላሜራ ላይ ያለውን ቀዳዳ ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ ተመሳሳይ የናይሎን ክሊፕ ብትገዙ ከየትኛውም ሞዴል ቢሆን ይሠራል።

የደሴው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ሰሌዳዋን በናፍጣ አጽድቼ አነበብሁ፦ ኢኢ80። ጋሼ ሳያዩዋት አውቀዋታል። የውስጥ ልባሷ መለያም ግራጫ ጨርቅ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ አባቴ በኋላ ያለበሱት የፕላስቲክ ቆዳ ከሥሩ ሲገለጥ የመጀመሪያው ጨርቅ በጥግ በኩል ደምቆ ተገኘ። የሾፌሩን በር ሽፋን በጨርቁ ዘዴ አወለቅሁት፤ ቀለበቷ ከፎጣው አልፋ ወንበር ሥር ገብታ ግማሽ ሰዓት አስፈልጋኛለች። ናይሎን የሚባል ነገር የለም፤ ማጣበቂያው ብቻ ጥቁር ሆኖ ላሜራው ላይ ቀርቷል። ከታች ያሉት ቀዳዳዎች በጭቃና በቅጠል ተደፍነው ነበርና በሽቦ ስከፍታቸው ከአንድ ስኒ የሚበልጥ የዛገ ውሃ ወረደ፤ ዝናብ ካየን ሦስት ሳምንት አልፎን ነበር።

የተቀሩት ሦስት ሽፋኖች ደህና ስለሆኑ ጠርዛቸውን ቀለም ቀብቼ፣ ናይሎን ለጥፌ መለስኋቸው። የሾፌሩን በር ሽፋን ግን የተሳፋሪውን ገልብጠን በመሳል በማዞኒት አሠርቻለሁ፤ የእጅ መደገፊያው ብሎኖች ሳይቸገሩ ቦታቸውን አገኙ። የማኒቬላውን ቁጥር በኢንተርኔት ካታሎግ ላይ በኢኢ80 ፈልጌ፣ በወረቀት ጽፌ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት፤ ሁለቱንም አምጥቶልኛል፤ ቀለማቸው ቡናማ ነው፣ እንዳለ ትቼዋለሁ። ኮርኒሱ በዘንግ የተወጠረው ዓይነት ስለሆነ እህቴ ዘንድ ቅዳሜ አመጣለሁ። ዳሽቦርዱ ተራውን ይጠብቅ።

የቀረው አልጋ ሥር ያሉት አራቱ ሽፋኖች ናቸው። ጀርባቸውን ሳገላብጥ አንደኛው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አገኘሁ፤ በ67630 ትጀምራለች፤ ከዚያ 12። የኮሮላ መሆናቸው እርግጥ ነው። ልኬታቸው ከእኔ በር ስላልገጠመ የኢ90 ሳይሆኑ አይቀሩም። ኢ90 ያለው ሰው በአካባቢው ካለ ይንገረኝ፤ በገዛሁበት ዋጋ ሳይሆን በተስማማን እንጨርሳለን።

የወልድያ ሾፌር፦

መምህር፣ እኔ ከወልድያ ነኝ፤ ሰሌዳዬን አሁን አይቼ መጣሁ፣ ኢኢ90 ይላል። መስታወቴ በማኒቬላ ነው የሚሠራው፣ መኪናዬም ባለ አራት በር ሰዳን ናት። የእኔ የኋላ ሁለቱ ሽፋኖች ተበልተዋል፤ የፊቶቹ ግን ደህና ናቸው። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፦ በኋላው የቀኝ ሽፋን ላይ ከማኒቬላው ቀዳዳ መካከል እስከ በር መክፈቻው ቀዳዳ መካከል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም ከታችኛው ጠርዝ እስከ ማኒቬላው ቀዳዳ ያለውን ለክተው ይጻፉልኝ። እኔም የእኔን አውልቄ እለካለሁ።

የደሴው መምህር፦

ማታ ለክቼ እጽፋለሁ። ሜትሩን የወሰደው ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው።

ወንበርና ኮርኒስ አልባሽ፣ ሸዋ በር፦

የወልድያው ወንድሜ፣ የእርስዎን ሲያወልቁ ናይሎኑን እንዳይቀዱት።